የሚስ ዋንጂሩ እናት ጉልበት

ባንታየሁ የአለቃውን የሚስ ዋንጂሩን የኢሜይል መልስ ለሦስተኛ ጊዜ ጮክ ብሎ አነበበው። «‹ባንታየሁ፣ አስቀይሜሃለሁ እንዴ? ነገ ቢሮዬ ና፤ እንነጋገር።› ኧረ ምን አጥፍቼ ነው?»

ልጁ አቢግያ ሶፋው ላይ ኳሷን ጥብቅ አድርጋ አቀፈች። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ታውቃለች።

ነገሩ የመጣው በቅዳሜ ምክንያት ነው። ቅዳሜ የትምህርት ቤቷ የቅርጫት ኳስ ፍጻሜ ነው። አባቷ ግን ኢምባካሲ ሰፈር፣ የአውሮፕላን ካርጎ መጋዘን ውስጥ የቅዳሜ ሺፍት ስላለበት አንድም ቀን ስትጫወት አይቷት አያውቅም። ትናንት ራት እየሠራ የፈቃድ መጠየቂያውን ኢሜይል ከኩሽና ሆኖ አጻፋት። እንደ ልማዱ በሰላምታ ጀመረ። ሚስ ዋንጂሩ እንዴት ናት? ልጆቿስ? የእናቷ ጉልበት ተሻለው? እናቷ ያሉበት ከተማ ናኩሩስ ዝናብ ጣለ? ሰላምታው ብቻ ግማሽ ገጽ ሞላ። አቢግያ አፈረችለት። ቀስ ብላ ጽሑፉን ስልኩ ላይ ላለው ኤአይ ሰጠችና «አሳጥረው፤ ፕሮፌሽናል አድርገው» አለችው። ሁለት መስመር ብቻ ቀረ። ሳታሳየው ላከችው።

«መቼም ይሄ እንግሊዝኛዬ ነው ጉድ የሠራኝ» አለ ባንታየሁ አንገቱን ደፍቶ።

ዝም ብትል ያምናል። ግን አንገቱን ሲደፋ አንጀቷን በላት።

«አባዬ፣ ሶሪ። ሰላምታውን በኤአይ ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። ቱ ማች መስሎኝ ነው።»

«ጉልበቱንም?»

«ጉልበቱንም።»

ባንታየሁ አፍጥጦ አያት። ከዚያ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «ሰባት ዓመት ሙሉ ስለ ጉልበቱ ስጠይቃት ኖሬ ድንገት ዝም ስል፣ አኩርፏል ብትል ይፈረድባታል? በይ እንደገና ጻፊ!»

አቢግያ አንዲት ቃል ሳትቀንስ ጻፈች። የመጀመሪያውን ያሳጠረችው እሷ መሆኗንም ከሥሩ ጨመረች። መልሱ ሻዩ ሳይፈላ ደረሰ።

«እፎይ! እማማ ድናለች፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ሄደች። ቅዳሜ ነፃ ነህ። ለአቢግያ ንገራት፤ ካላሸነፈች ሰኞ አንተን ነው የምጠይቀው!»

አቢግያ እልል አለች። ኳሷ ጣሪያውን መትታ ተመለሰች፤ ባንታየሁም የሻዩን ማንኪያ እንደያዘ እስክስታ ወረደ።

«የምስጋናውን መልስ እንኳ ያ ኤአይሽ ይጻፈው» አለ እያለከለከ። «ምስጋና ባጭሩ ይበቃል።»

አቢግያ ስልኩን ተቀበለችው። ትንሽ አሰበችና ባዶ ገጽ ከፍታ በራሷ ጣቶች መጻፍ ጀመረች።

«ሚስ ዋንጂሩ፣ እኔ አቢግያ ነኝ። እንደምን አሉ? እናትዎ ያን ሁሉ መንገድ ሄደው ጉልበታቸውን አላመማቸውም?»