ከወሰኑ አሥር ጫማ

ቀያሹ ኦርቪል ስታምፐር ረቡዕ ጠዋት በግሌን ታኬት ጓሮ፣ ከእንጨት አጥሩ ሥር በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን ተመትቷል። ሬሳውን ያገኘው ግሌን ራሱ ነው፤ መርማሪ በርናዴት ኩልማን ስትደርስ ሰዓቱን እያየ በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል።

«ሰው ሞቶብህ ሰዓት ታያለህ» አለችው።

«ነገ ምሽት የግንባታ ቦርዱ ፊት እቀርባለሁ። ሚስቴን ሮዳን ከመጦሪያ ቤት የማወጣት መውጫ ደረጃ የሌለው መኝታ ክፍል ስሠራላት ነው። እንቢ ካሉኝ ደግሞ ዓመት ሙሉ ዳግም ማመልከት አይቻልም። እሷ ደግሞ ዓመት አትቆይልኝም፣ በርናዴት።»

በዚያች የኦሃዮ ከተማ ቤት ከጎረቤት ወሰን አሥር ጫማ ካልራቀ ልዩ ፈቃድ ይጠየቅበታል። የግሌን አዲስ ክፍል ከአጥሩ የሚርቀው ስድስት ጫማ ብቻ ነበር።

«ከኦርቪል ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«ልኬቱ ያጓትተኛል ብዬ ጮኽኩበት። መጮህ መግደል ነው እንዴ?»

ጩኸቱን ከመንገዱ ማዶ ያሉት ወይዘሮ ማክሲን ፔልፍሪም ሰምተዋል። ሴትየዋ ሰው የውሻ ቤት ልሥራ ቢልም ተቃውሞ ይጽፋሉ።

«ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፣ ልጄ። ‹ከግቢዬ ውጣልኝ!› አለው። ቀያሽ ይምጣ ብዬ ቦርዱን የወተወትኩት እኔ ነኝ። አጥር አይቶ መሬት ይለካል?»

«ግሌን ገደለው ይላሉ?»

«የምቃወመው ክፍሉን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ወሬኛ እንጂ ውሸታም አይደለሁም።»

ከአጥሩ ማዶ የሚኖረው ዌንደል ክራውስ ግን ለግሌን የድጋፍ ደብዳቤ የጻፈ ብቸኛ ጎረቤት ነው። አጥሩን ያጠረው እሱ፣ ዓምና አጥሩን አስጠግቶ ትልቅ ጋራዥ የሠራውም እሱ ነው። ግቢው ሣር ላይ ‹አትርገጡ› የሚል ትንሽ ቢጫ ባንዲራ ተሰክቷል።

«እንዳትረግጪው፣ በርኒ! ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማዳበሪያ አስበትኜበታለሁ።»

«ኦርቪል ወደዚህ መጥቶ ነበር?»

«እኔ ግቢ እግሩ አልረገጠም። ምን ሊሠራ? ወሰኑ አጥሩ ነው።»

ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር። በርናዴት አመስግናው ስትወጣ ከጋራዡ ግድግዳ አጠገብ ጠርዙ ቢጫ የሆነ አራት ማዕዘን የሣር ቁራጭ አየች። ወዲያው ከፍርድ ቤት የፍተሻ ትእዛዝ ጠየቀች፤ ሐሙስ ከሰዓት ደረሳት።

ሐሙስ ምሽት የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሞላ። ሰብሳቢዋ የሚናገር አለ ወይ ስትል በርናዴት ማይክሮፎኑ ጋ ቀረበች።

«ሦስት ደቂቃ አለሽ።»

«ይበቃኛል። የኦርቪል ቦቲ ሶል ላይ ሰማያዊ የማዳበሪያ ፍሬ ተጣብቋል። የግሌን ጓሮ አረም እንጂ ማዳበሪያ አያውቅም። ስለዚህ ኦርቪል ከማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ የዌንደልን ሣር ረግጧል፤ ዌንደል ግን አልመጣም አለኝ።»

«ሳላየው ገብቶ ይሆናላ!» አለ ዌንደል።

«ይሁን። ከጋራዥህ አጠገብ ሣሩ ተቆርጦ ተመልሷል። ዛሬ አነሳሁት። ከሥሩ የድሮው የወሰን ብረት ችካል አለ፤ ከአጥሩ አምስት ጫማ ወደ አንተ ገብቶ። አጥሩን ወሰን ያደረግነው ሁላችንም በስንፍና ነው። ጋራዥህ በከፊል የግሌን መሬት ላይ ቆሟል።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ማክሲን «አላልኳችሁም ነበር!» ብለው ከወንበራቸው ተነሱ።

«ግሌን ችካሉን ቢያገኝ በደስታ ይጨፍርበት ነበር እንጂ አይቀብረውም። በችካሉ የሚከስረው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«እኔ እኮ ደግፌዋለሁ!»

«ያስነቃህም ድጋፍህ ነው። ፈቃዱ ቶሎ ከተሰጠ ማንም አይለካም ብለህ ነው። ኦርቪል ችካሉን ቆፍሮ ሲያወጣ ከኋላው መታኸው፤ ጎትተህም ግሌን ጓሮ ጣልከው። የኦርቪልን ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ጋራዥህ ጣሪያ ሥር አግኝተነዋል። ደም የነካው አካፋም አብሮት ነበር።»

ዌንደል በሩን አየ። ሁለት ፖሊሶች ቆመውበታል። «ጋራዡን በገዛ እጄ ነው የሠራሁት» አለ ቀስ ብሎ፤ ስለ ኦርቪል አንድ ቃል አልወጣውም።

ከወሰዱት በኋላ ሰብሳቢዋ ወደ ግሌን ዞረች። «ሚስተር ታኬት፣ ወሰኑ እዚያ ከሆነ ክፍሉ አሥራ አንድ ጫማ ይርቃል። ልዩ ፈቃድ አያስፈልግህም። ማመልከቻውን ታነሳለህ?»

ግሌን ደስ ሊለው ሲገባ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ኦርቪል ማክሰኞ ‹ና አንድ ነገር ላሳይህ› ብሎኝ ነበር» አለ። «ችካሉን ሊያሳየኝ ነበር። ሰድቤ አባረርኩት፤ ብቻውን ሄደ። አብሬው ብሄድ ዌንደል ሁለት ሰው ፊት አካፋ አያነሳም ነበር።»

ያለው እውነት ነበር፤ በርናዴት የማመልከቻ ማንሻውን ወረቀት አቀረበችለት። ግሌን ወረቀቱ ላይ ፈረመ።

«አሁን ሮዳ ጋ ነው የምሄደው» አላት። «ቤትሽ ልትገቢ ነው ስላት ትስቃለች። መሬቱ እንዴት ተገኘ ብላ ስትጠይቀኝስ ምን እላታለሁ?»