የጋሼ ምሰሶ መዳፍ

ጋሼ ምሰሶ በጀርባቸው ተዘርግተው የተገኙት ከማባዣ ማሽኑ አጠገብ ነው። ማሽኑ ተፈታቷል፤ የቀኝ መዳፋቸው ተቃጥሏል። መርማሪዋ ስትደርስ የማኅበሩ ሊቀመንበር ሬሳው ቶሎ ተነስቶ እንዲቀበር ይጣደፉ ነበር።

«ምኑ ይመረመራል?» አሉ። «አርጅተዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ኮረንቲውን ሳያጠፉ ማሽን ፈቱ። የራሳቸው ስህተት ነው።»

«ያረጀ ሰው ሞት አይመረመርም የሚል ሕግ አላነበብኩም» አለች መርማሪዋ። እሷም ለጡረታ ጥቂት ነው የቀራት፤ ነገሩ ከነከናት።

ማኅበሩ የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት ጡረተኞች ማኅበር ነው። ጋሼ ምሰሶ በማባዣ ማሽኑ የሚያዘጋጁት ጋዜጣ ማን ልጁን እንደዳረ፣ ማን ዓይኑን ታክሞ እንደዳነ ያወራል፤ የመጨረሻው ገጽ የሙታን መታሰቢያ ነው። ባለፈው ስብሰባ ተነስተው፣ «በዚህ እትም የእቴቴን ባል እናስታውሳለን። የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ የሞተው በራሱ ስህተት አይደለም። ኮረንቲ የለቀቀበት ሰው አለ፤ ስሙን አወጣለሁ» ብለው ነበር። የእቴቴ ባል በሞቱበት ቀን ፈረቃ ላይ ከነበሩት መካከል በሕይወት የቀሩት ጋሼ ምሰሶ፣ ሊቀመንበሩና ዛሬ የማኅበሩ ዘበኛ የሆነው ሰው ናቸው።

መርማሪዋ በመጀመሪያ ያነጋገረችው ለማኅበሩ ሻይ የሚያፈሉትን እቴቴን ነው።

«ሻይ ጥጄ የኤሌክትሪክ ምድጃው ጠፋብኝ» አሉ እቴቴ። «ኮሪደር ብወጣ የሕንፃው ዋና ማጥፊያ ላይ ‹ሰው እየሠራ ነው› የምትለዋ ቆርቆሮ ተሰቅላለች። ጋሼ ማሽኑን እየጠገኑ ነው ብዬ ደጅ ወጥቼ ከዘበኛው ጋር ስጫወት ቆየሁ።»

«ጋሼ ምሰሶ እስከ ዛሬ ዝም በማለታቸው አልተቀየሟቸውም?»

«ተቀይሜያቸው ነበር። ግን የባሌን ስም ሊያጥቡልኝ የተነሱትን ሰው ምን ብዬ እገድላለሁ?»

ዘበኛውም ይህንኑ አረጋገጠ። «ከእቴቴ ጋር በሩ ላይ ነበርን። የገባም የወጣም የለም።»

«የእቴቴ ባል የሞቱ ቀንስ?»

«እኔ ምሰሶው ሥር ነበርኩ። የመስመሩ ማብሪያ ያለው ኤሌክትሪክ ጣቢያው ውስጥ ነው፤ ማን እንደነካው አላየሁም።»

ሊቀመንበሩን ያገኘቻቸው ቢሯቸው ውስጥ ነው። «ራዲዮ እያዳመጥኩ ነበር» አሉ። «ጩኸት ሰምቼ ሮጥኩ፤ አልደረስኩላቸውም።»

«ራዲዮው መሀል ላይ አልተቋረጠም?»

«ኧረ! አንድም ቃል አላመለጠኝም።»

መርማሪዋ ራዲዮውን አየችው። ገመዱ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል፤ ክዳኑን ስትከፍተው የባትሪው ቦታ ባዶ ነው። ኮሪደሩ ላይ ደግሞ ቆርቆሮዋ ከማጥፊያው ወርዳ ሁልጊዜ ወደምትንጠለጠልበት ምስማር ተመልሳለች።

ሁሉንም ማሽኑ ያለበት አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ጡረተኞቹም መጡ። የማሽኑን ሽቦ ቀድማ ከኮረንቲው አስፈትታለች፤ እነሱ ግን አያውቁም።

«ኮረንቲ ይኑረው አይኑረው እንጃ» አለች። «እስኪ የመስመር ሠራተኛ የነበራችሁ ማሽኑን ንኩልኝ።»

ዘበኛው ጠጋ ብሎ በእጁ ጀርባ ነካው። ሌሎቹም እንዲሁ አደረጉ። ሊቀመንበሩ ሳያስቡት የእጃቸውን ጀርባ ሰደዱ።

«ለምን በጀርባ?»

«ኮረንቲ ሲይዘው መዳፍ ይጨብጣል፤ ከጨበጠ አይለቅም» አለ ዘበኛው። «እንኳን እኛ፣ ጀማሪም ያውቃል።»

«ጋሼ ምሰሶ የተቃጠሉት ግን መዳፋቸውን ነው። ዕድሜ ልክ የለመዱትን የተዉት ኮረንቲ እንደሌለ እርግጠኛ ስለነበሩ ነው። ራሳቸው አጥፍተው ቆርቆሮዋን ሰቅለዋል፤ እቴቴ አይተዋል።»

«ራሳቸው መልሰው አብርተውት ቢሆንስ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ቢያበሩትማ በመዳፋቸው አይነኩም ነበር። እጃቸው ማሽኑ ውስጥ እያለ ቆርቆሮዋን አውርዶ ያበራ ሌላ ሰው ነው። እቴቴና ዘበኛው ደጅ ናቸው። ውስጥ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። የእቴቴ ምድጃ ሲጠፋ ባትሪ የሌለው ራዲዮዎ አልተቋረጠም አሉኝ። የዋሹት ኮረንቲው ጭራሽ አልጠፋም ለማሰኘት ነው፤ ጥፋቱ የሟቹ እንዲሆን። ጋሼ ምሰሶ ሊያወጡት የነበረው ስምም የእርስዎ ነው።»

ሊቀመንበሩ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «የሞተ ሰው ስም ቢታጠብ ምን ይጠቅማችኋል?» አሉ። «እኔ እኮ በስሜ የምኖር ሰው ነኝ።»

እቴቴ ተነስተው ሊቀመንበሩ ፊት ቆሙ። ዘመናቸውን ሙሉ አንቱ ሲሉት ኖረዋል።

«አንተ» አሉት። «ባሌን ‹ራሱ ነው የተሳሳተው› ብለህ አስቀበርከው። ጋሼንም እንደዚያው ልታስቀብር ነበር። ከእንግዲህ አታስቀብርም።»

ማሽኑ ከፖሊስ ሲመለስ ዘበኛው ገጣጠመው። እቴቴ በመጨረሻው ገጽ የሁለቱን ሰዎች መታሰቢያ ጎን ለጎን አሰፈሩ፤ የገዳያቸውንም ስም ከነሥራው ጻፉት። ጡረተኞቹ ሁሉ ዙሪያውን ቆመዋል።

«ላብራው?» አለ ዘበኛው ከኮሪደሩ።

እቴቴ ጎንበስ ብለው ማሽኑን በየጎኑ አዩት። የማንም እጅ ውስጡ የለም።

«አሁን አብራው» አሉ።