ተሳታፊ ሰባት

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ስሞቹን ቀይሬያለሁ እንጂ አንድም ነገር አልጨመርኩበትም።

ባለፈው ጥር፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። መገናኛ አንድ ካፌ ውስጥ ከሰገነት ጋር ተቀምጠናል።

"መቼ ነው የምታስወጪኝ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ከየት?"

"ከእሱ ነዋ!"

ያኔ ገባኝ። ከሴቶች መጠለያ የመጣሁ መስሏት ነበር። እኔ ግን የሳይኮሎጂ ተማሪ ነኝ። ፍቅረኞቻቸው በስልክ የሚያሰቃዩአቸውን ሴቶች አጠናለሁ።

"እኔ... ጥናት ነው የምሠራው፤" አልኳት አንገቴን ደፍቼ።

ሳቀች።

"በስመ አብ! ይሄን ሁሉ ያስለፈለፍሽኝ ለጥናት ነው?"

አፈርኩ። መጠለያ እንደማፈላልግላት ቃል ገባሁላት።

ፍቅረኛዋ ኤልቃና ያለችበትን በየሰዓቱ በፎቶ ያስልካታል። የሷን ቴሌግራምም በራሱ ስልክ ከፍቶ ያነባል። ዛቻዎቹን ለማስረጃ እንድገለብጥ በእኔ ላፕቶፕም ከፈትነው።

እዚህ ላይ ተሳሳትኩ። ቴሌግራሟን አዲስ ኮምፒውተር ሲከፍተው፣ የኮምፒውተሩ ስም ተጽፎ ለእሱም መልእክት እንደሚደርሰው አላሰብኩም። የላፕቶፔ ስም ደግሞ "ሥርጉት" ነው። የእኔው ስም።

ወደ ሰፈሯ ወደ ወሰን የሚሄድ ታክሲ አሳፈርኳት።

አስር ተኩል ላይ፣ ቤቴ ሆኜ ስገለብጥ፣ ኤልቃና ጻፈ።

"ማናት?"

ከደቂቃ በኋላ ደገመ።

"አንቺን አይደለም የጠየቅኩት። የምታነበውን ነው።"

ላፕቶፑን ልዘጋ ስል ሌላ ገባ።

"ሥርጉት... አታፍሪ። ሰላም በይኝ እንጂ።"

ለሰገነት ደወልኩ። አታነሳም። ደግሜ ደወልኩ... አታነሳም።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ከእሷ ስልክ ፎቶ ተላከ።

ያለችው ወሰን አይደለም። እንጦጦ፣ ባሕር ዛፎቹ መሀል ቆማለች። ጫማ አላደረገችም። ሁለቱም እጆቿ ባዶ ናቸው...

ታዲያ ማን አነሳት?

ላፕቶፑን ታቅፌ ፖሊስ ጣቢያ ሮጥኩ።

"የአባቷ ስም?" አለ ተረኛው ፖሊስ።

"አላውቅም።"

"ቤቷስ?"

"ወሰን ነው... የቱ ጋ እንደሆነ አላውቅም።"

"እህቴ፣ ለመሆኑ አንቺ ምኗ ነሽ?"

የጥናቱን ቅጽ አሳየሁት። ለደኅንነታቸው ሲባል የተሳታፊዎችን ሙሉ ስምና አድራሻ አንመዘግብም። የጥናቱ ደንብ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው "ተሳታፊ 7" ብቻ ነው።

በሕይወቴ ሰው ፊት ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀን ጮህኩ።

"እባክዎ! ይገድላታል! እኔ ነኝ ያስያዝኳት!"

ተረኛው ተንፍሶ የስልክ ቁጥሯን ተቀበለኝ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ፣ ለሁለታችንም እንዲሰማ ድምፁን ለቆ ደወለ።

ስልኩ ወዲያው ተነሳ።

"ሰገነት ነሽ?"

"ሰገነት የምትባል አላውቅም።"

ድምፁ የራሷ ነበር። ቁርጥ የራሷ።

"ተሳታፊ ሰባት ነኝ። ከጥናቱ ወጥቻለሁ።"

በጥናቱ ስንተኛ እንደሆነች ነግሬአት አላውቅም... ቅጹንም ለተረኛው እስካሳየሁበት ሰዓት ድረስ ከእኔ በቀር ማንም አይቶት አያውቅም።

"ይኸው፣ ደኅና ናት፤" አለኝ ተረኛው። "ተጣልታችሁ ነው?"

በዚያችው ደቂቃ ላፕቶፑ ላይ ሌላ ፎቶ ገባ።

ያው ባሕር ዛፍ። ሰገነት እያለቀሰች ነው። በሁለት እጆቿ አፏን ጥርቅም አድርጋ ይዛለች። ስልክ አልያዘችም።

ጠረጴዛው ላይ ካለው ስልክ ድምፅዋ አሁንም ይሰማል።

"ከጥናቱ ወጥቻለሁ... ከጥናቱ ወጥቻለሁ..."

ተረኛው ፎቶውን አየ። ስልኩን ዘጋና መኪና ጠራ።

እስኪመሽ እንጦጦ ላይ ፈለግናት። አላገኘናትም።