እንሽጣት ወይስ እናሠራት

መነጽር ሠሪዋ የብዙ ወንዶችን ዐይን በቅርብ አይታለች፤ ሥራዋ ነው። አገጫቸውን ቀና አድርጋ፣ በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለውን ርቀት ለክታ «አሁን ወደ እኔ ተመልከት» ስትላቸው ሁሉም ይመለከታሉ። አንዳንዱ ከሚገባው በላይ ይመለከታል። እሷ ግን ልኬቱን ጽፋ ቀጣዩን ትጠራለች።

ወደ እሷ መመልከት ያቃተው ሰው የገጠማት ጋራዥ ውስጥ ነው።

የሄደችው ከአባቷ ጋር ነበር። አባትየው ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ አሁን ግን የልጃቸው መነጽር እንኳ ሊያግዘው ያልቻለ ዐይን ይዘው መሪ መያዝ የተዉ ሰው ናቸው። አሮጌ መኪናቸውን ጎረቤት ነው ነድቶ ያመጣላቸው። ልጅቷ ስትወርድ ግራ እግሯን በእጇ አንሥታ አወጣች። ያ እግር ከልጅነቷ ጀምሮ ለመቆም ያህል እንጂ ለመርገጥ አይታዘዛትም።

መካኒኩ ከመኪና ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆመ። የጋራዡ ሰዎች «ቀስ በል» ይሉታል፤ ክሪክ በወረደ ቁጥር ከአፉ የማይጠፋ ቃል ስለሆነ ነው።

«ልጄ፣ ነገሩ እንዲህ ነው» አሉት አባትየው። «ይቺ ልጅ የምትሠራበት የመነጽር ሱቅ ወደ ከተማው ዳር ሊዛወር ነው። እዚያ ደግሞ ወደ ማምሻው ላይ ትራንስፖርት የሚባል ነገር የለም። ካልነዳች ሥራዋን ማጣቷ ነው። መኪናችን እንደምታያት ናት፤ ፍሪሲዮኗ በግራ እግር ነው የሚረገጠው። ሸጠን፣ ትንሽ ጨምረን፣ ፍሪሲዮን የሌላት አውቶማቲክ እንግዛ ወይስ ይቺኑ በእጅ እንድትሠራ ታደርግልናለህ?»

መካኒኩ መኪናዋን ዞራት። በሩን ከፍቶ ተንበረከከና ፔዳሎቹን በመዳፉ ተጫነ። ለረጅም ጊዜ እዚያው ቆየ። ሲነሣ የተናገረው ለልጅቷ ነበር፤ ያየው ግን የበሩን ማጠፊያ ነው።

«ይቻላል። ለእርስዎ የሚሆን እጀታ እሠራለሁ።»

«እርስዎ?» አለች ልጅቷ። «አባቴ አጠገቤ ቆሞ እኔን አታስረጀኝ እንጂ።»

«እሺ። ግን ቀስ ተብሎ ነው የሚሠራው።»

«እሱንማ ከስምህ ሰምተናል።»

አንገቱን አቀረቀረ። ፈገግ ማለቱን ያወቀችው በጉንጩ ነው።

እጀታው ሲያልቅ ተመልሰው መጡ። ከመሪው በስተግራ ተተክሎ በብረት ዘንግ ከፍሪሲዮኑ ጋር ተገናኝቷል። ጥሩ ሥራ ነበር፤ አባትየው ብየዳውን በጣታቸው ዳሰው «የብረት ሥራ አይመስልም» አሉና ከኋላ ወንበር ገብተው ተቀመጡ።

ልጅቷ ከመሪው ኋላ ተቀመጠች። እጇን ዘረጋች። አልደረሰችም። ትከሻዋን ከወንበሩ አላቅቃ፣ ደረቷ መሪውን ሊነካ እስኪል ድረስ ስታጎነብስ ነው ጣቶቿ እጀታውን ያገኙት።

«ማንን ለክተህ ነው የሠራኸው?»

መካኒኩ ወደ ጎማው ጎንበስ አለ።

«አንተን እኮ ነው።»

«ራሴን» አለ መካኒኩ፣ ጎማውን እያየ።

«የምነዳው እኔ፣ የተለካኸው አንተ?»

«ክንድሽን ልለካ ብዬ መጠየቅ ከበደኝ። ነውር መሰለኝ።»

ከኋላ ወንበር የአባትየው ሳል ተሰማ። ሳል ይሁን ሳቅ አልለየለትም።

መነጽር ሠሪዋ ልትቆጣ አስባ ነበር። ቀኑን የወሰደችው ከአለቃዋ ለምና ነው። ግን ይህን ሁሉ ብረት አቅንቶ፣ በይዶ፣ ሞርዶ ሲያበቃ አንዲት ጥያቄ የከበደችውን ሰው አይቶ መቆጣት እንዴት ይሆናል?

«እኔ ስውል የሰው አፍንጫ ስለካ ነው» አለችው። «እስካሁን በነውር የከሰሰኝ የለም። ሜትር አምጣ።»

ሄዶ ሲባጎ ይዞ ተመለሰ።

«ሜትር ነው ያልኩህ።»

«ሜትሩ ብረት ነው። ይቀዘቅዛል።»

አንዱን ጫፍ እሷ ትከሻዋ ላይ ያዘች። ሌላውን እሱ በክንዷ አሳልፎ እስከ ጭብጧ ድረስ ሳበው። ሲባጎው ነካት እንጂ ጣቱ አልነካትም። ልኬቱን ሲይዝ ነው ቀና ያለው። ይህን ያህል ቀርባ ብዙ ዐይን አይታ፣ ልኬታቸውን ጽፋ ሸኝታለች። የዚህን ዐይን ግን ምን ብላ እንደምትጽፈው ጠፋት።

«ጨረሳችሁ?» አሉ አባትየው።

«ትንሽ ቀርቶናል» አለች። የቀረ ነገር አልነበረም።

ሲለካ ሌላም ነገር ገብቶት ነበር። ግራ እጇ እጀታውን፣ ቀኝ እጇ ማርሹን ከያዙ መሪውን ማን ይይዘዋል? ስለዚህ ያን የተደከመበትን ሥራ ነቅሎ ጣለውና እንደ ሞተር ብስክሌት ያለ አጠር ያለ እጀታ በማርሹ ዘንግ ላይ ገጠመ፤ ሽቦ ወደ ፍሪሲዮኑ ዘረጋለት። አሁን በአንድ ቀኝ እጅ ጨብጣ ማርሽ ታስገባለች፤ ግራው ከመሪው አይለይም።

ልምምዱ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ነበር። እሷ ትነዳለች፤ መካኒኩ ከጎኗ የእጅ ፍሬኑን ይዞ ይቀመጣል፤ አባትየው ከኋላ ዐይናቸውን ጨፍነው ሞተሩን ያዳምጣሉ።

«ሁለተኛ አስገቢላት» አሉ አባትየው። «አሁን ልቀቂ፣ ዝግ እያልሽ። እሷው ትነግርሻለች።»

መኪናዋ ተንገጫግጫ ቆመች።

«ጠፋች» አለች ልጅቷ።

«አጠፋሻት እንጂ እሷ ምን አደረገች?» አሉ አባትየው።

እንዲህ እየተባባሉ መንጃ ፈቃዷን በዚያችው መኪና አወጣች። ከዚያም በኋላ ወደ ጋራዡ የሚያመጣት ነገር አልጠፋም። ሽቦው ትንሽ ጠበቅ ይበል፤ እጀታው ቆዳ ይልበስ፤ ወንበሩ በጣት ያህል ከፍ ይበል። መኪናዋ ከሚያስፈልጋት በላይ እየተጠገነች መሆኗን ሦስቱም ያውቁ ነበር፤ አንዳቸውም አላነሡትም።

«ሰው ዐይኑ መድከሙን በምን ያውቃል?» አላት አንድ ቀን፣ ቆዳውን እየሰፋ።

«አያውቅም። ዓለሙ የደበዘዘ ነው የሚመስለው። መነጽሩን ሳደርግለት መጀመሪያ የሚገርመው የዛፍ ቅጠል ነው። እያንዳንዱ ለብቻው መሆኑን ረስቶት ይቆያል።» ትንሽ ቆይታ «አንተስ መኪና መታመሙን በምን ታውቃለህ?» አለችው።

«በባለቤቱ። ሬዲዮ ከፍ አድርጎ የሚመጣ ሰው፣ ሊሰማው ያልፈለገው ድምፅ አለ።»

ሳቀች። እሱ ግን የምሩን ነበር።

ነገሩ የተለወጠው አክስቷ ሊጠይቋቸው የመጡ ቀን ነው። መኪናዋን በደጅ አይተው፣ አንገታቸውን በመስኮቱ አስገብተው እጀታውንና ሽቦውን መረመሩ።

«ይሄ መኪና ነው ወይስ የልብስ መስፊያ?» አሉ። «የጓደኛዬ ልጅ መኪና ሻጭ ነው። ደህና አውቶማቲክ አለው። ለይቺ ዋጋ ቆርጦ ከሂሳቡ ላይ ይይዝላችኋል። ጨዋ ልጅ ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ዝቅ ያደረጉት ሁሉም ጸጥ ብሎ እንዲሰማ ነው። «እስካሁንም አላገባም።»

ልጅቷ መኪናችን ደህና ናት አለች።

በማግስቱ ዘንጋቸውን ይዘው ብቻቸውን ጋራዥ ሄዱ። መካኒኩ ወንበር አቀረበላቸው፤ አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ እኔ መኪናዋን እወዳታለሁ፤ ፍርዴ አይታመንም። ልጄ ለእኔ ስትል እውነቱን አትናገርም። አክስቷ የራሷ ጉዳይ አላት። አንተ ግን ሠሪዋ ነህ። ያ አዲሱ ሱቅ ያለበትን ዳገት ታውቀዋለህ። እንሽጣት ወይስ እናቆያት?»

መካኒኩ ከሁሉም ይልቅ የማይታመነው የእርሱ ፍርድ መሆኑን ያውቅ ነበር። «ትቆይ» ቢል ሽቦው ይላላል፤ ሽቦው በላላ ቁጥር እሷ ትመጣለች። ዳገቱንም ያውቀዋል። መኪና ሁሉ ተሰልፎ፣ አንድ እርምጃ እየሄደ አንድ እየቆመ የሚወጣበት ነው። እግር የሚገፋውን ነገር እጅ እየጨበጠ፣ በየእርምጃው፣ ጠዋትና ማታ። ሰሞኑን ስትወርድ ቀኝ እጇን ሻርፕ ውስጥ ስትከት አይቷል፤ አይቶም ዝም ብሏል። በልቡ «አምላኬ፣ አፌን ከምኞቴ ጠብቅልኝ» አለ።

«ሽጧት» አላቸው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቷ በታክሲ መጣች። ከበሩ ላይ ቆመች።

«ሽጧት ብለሃል አሉ።»

«ብያለሁ።»

«በእጅህ የሠራሃትን?»

«በእጄ የሠራኋትን።»

«ሰለቸንህ ማለት ነው። በሰላም አንድ ቃል ብትነግረኝ እኮ እኔ ራሴ እቀር ነበር። በአባቴ በኩል ማስነገር ምን አመጣው?»

መፍቻውን አስቀመጠ። «እጅሽን አሳዪኝ።»

ቀኝ እጇን ወደ ኋላዋ አደረገች። «እየለመደ ሲሄድ ይጠነክራል።»

«ሬዲዮውን ከፍ አታድርጊው።»

በስተመጨረሻ እጇን አውጥታ ዘረጋችለት። ከጣቶቿ ሥር መዳፏ ውኃ ቋጥሮ፣ ፈንድቶ፣ እንደገና ቋጥሯል።

«እንድትነጂ ብዬ ነው የሠራኋት» አለ። «እንድትታገዪ አይደለም። ቀደም ብዬ መናገር ነበረብኝ። ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ቆየሁ።»

«ለምን?»

«አውቶማቲኳ ስትመጣ የሚጠብቅ ሽቦ የላት፣ የሚሰፋ ቆዳ የላት። ወደዚህ የሚያመጣሽ ነገር አይኖርም።» ዐይኑ አልሸሸም። «እሱን እያወቅሁ ነው ሽጧት ያልኩት። እንዲህ የከበደኝ ሥራ የለም።»

በዚህ ጊዜ አንገቷን ያቀረቀረችው እሷ ነበረች። አንድ ነገር ልትል አሰበች፤ ያ ነገር ግን ጋራዥ በር ላይ ተቁሞ የሚባል አልሆነላትም።

«ቀስ በል የሚሉህ ሰዎች እውነታቸውን ነው» ብላ ሄደች። እስከ መንገዱ ጥግ ድረስ ግን ፊቷ ላይ ያለውን ፈገግታ የሚገፋው አልተገኘም።

መኪናዋ ተሸጠች። አባትየው ከመሰጠቷ በፊት ከመሪው ኋላ ተቀምጠው ሞተሯን አስነሡ፤ ጥቂት አዳመጧትና አጥፍተው፣ ቁልፉን ለመኪና ሻጩ በእጁ ሰጡት። አክስትየዋ ደስ ብሏቸው ስለ ምሳ ግብዣ ሊያወሩ ሲጀምሩ የእህታቸው ልጅ ጣልቃ ገባች።

«አክስቴ፣ መኪናዋን ወስደናል፤ አመሰግናለሁ። ሰውየው ግን እዚያው በተቀመጠበት ይቀመጥልን።»

«እኔ ምን ወጣኝ?» አሉ አክስትየዋ።

«ምንም። እንዲያው አብረው የሚሸጡ መስሎኝ ነው።»

አባትየው እንደለመዱት ሳሉ።

አዲሱ ሱቅ ከመከፈቱ በፊት ባለው ቀን አውቶማቲኳ ጋራዡ በር ላይ ቆመች። መካኒኩ ወጥቶ እንደ ልማዱ ዞራት።

«ምን ሆነች?»

«ምንም።»

«ድምፅ ታሰማለች?»

«አታሰማም።»

«ታዲያ ምን ልሥራላት?»

«ለእሷ ምንም። ዳገቱን ልሞክረው ነው፤ ግባ።»

እጁን ታጠበ። አየውና እንደገና ታጠበ። ከጎኗ ሲቀመጥ ጉልበቱን የት እንደሚያደርገው ጠፋበት።

ዳገቱ እንደሚባለው ነበር። መኪናው ሁሉ ተሰልፎ ይቆማል፤ ጥቂት ይሄዳል፤ ይቆማል። እሷ በቀኝ እግሯ ብቻ ትነዳለች፤ ግራ እጇ መሪው ላይ ነው። መካኒኩ ከልማድ የተነሣ ማርሽ የምትለውጥበትን እጅ ይጠብቃል። ያ እጇ አልተንቀሳቀሰም። በሁለቱ ወንበሮች መካከል፣ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ተኝቷል። ቁስሉ ሽሯል።

ሰልፉ ቆመ።

«ሥራ ፈታ» አለ ቀስ ብሎ።

«ማን?»

«እጅሽ።»

«አልፈታም» አለች፣ የፊቱን መኪና እያየች። «ሰው እየጠበቀ ነው።»

መካኒኩ ብረት የሚያነሣበትን ትልቅ እጁን ለአንድ አፍታ በአየር ላይ ያዘው። ከዚያ በእጇ ላይ አሳረፈው። የሚባለው ሁሉ ለነገም፣ አባትየው ፊት ለሚቀርቡበት ቀንም፣ ዕድሜ ከተሰጣቸው ለዕድሜያቸውም ይደርሳል።

ከኋላቸው ያለው መኪና ጡሩምባ ነፋ። ፊት ለፊት መንገዱ ተከፍቶ ነበር። በአንድ እጇ መሪውን ይዛ እግሯን ከፍሬኑ አነሣች፤ መኪናዋም ዳገቱን ወጣች። ሌላኛውን እጇን የሚጠራ ማርሽ ስላልነበረ እሱም አልለቀቀውም።