የጅቡ ስፌት

«የአስኮው ቆዳ ደረቀ?»

«ዝናብ አገኘው።»

የይለፍ ቃሉ ይኸው ነበር። ፈጣሪው ሰውየው ራሱ ነው። ኮልፌ፣ ከጀይሉ ቆዳ መጋዘን ደጃፍ፣ በጠራራ ፀሐይ ጥቁር መነጽርና ጥቁር ካፖርት አድርጎ ቆዳ ገዢ መስሎ ቆሟል። ነጋዴዎቹ ገና ከሩቅ ሲያዩት ዋጋ መጥራት ትተዋል። አንዱማ «ሰላዩ መጣ» ብሎ ሳቀ።

ምስጢራዊ ስሙ ንስር ነው። ይህንንም ለራሱ ያወጣው ራሱ ነው። የስለላ መሥሪያ ቤቱ ሻለቃ ዳኛቸው ይለዋል። ከፊቱ የቆመችው ሴት ደግሞ በሆዷ ጥንብ አንሳ ትለዋለች።

ለእሷ ያወጣላት ስም ዋኔ ነው። ዋኔ የምትባለውን ወፍ ግን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ኮልፌ የሚያውቃት አልፊያ በሚል ስም ነው፤ በዩኒቨርሲቲው የተፈጥሮ ታሪክ መጋዘን ቆዳ ሰፊ ናት። እናቷ ያወጣችላትን ስም እዚህ የሚያውቅ የለም።

የተጠቀለለ የበግ ቆዳ አቀበላት። ከበዳት።

«ምንድን ነው?»

«የተማሪዎች ወረቀት። በመንግሥት ላይ የሚቀሰቅስ።»

«የት ተገኘ?»

«ገና አልተገኘም። ነገ ጠዋት ይገኛል። አንቺ ታስቀምጪያለሽ፣ እኔ አገኛለሁ።»

«ሻለቃ፣ እዚያ ቤት ከብል በቀር ምንም የለም ብዬ ጽፌልዎት ነበር።»

«አንብቤዋለሁ። ለዚህ እኮ ነው ይዤልሽ የመጣሁት» አለና በገዛ ቀልዱ ሳቀ። «ያ ሰጋቱራ የተጠቀጠቀው ጅብ ሆድ ውስጥ ክተቺው። ጅብ ማን ይነካል?»

«የመጋዘኑ ጠባቂ፣ ዶክተሩስ?»

«ይታሰራል። ዝባዝንኬው ይጣላል። ደጃዝማች መጋዘኑን ለውስኪያቸው ፈልገውታል።»

ለውስኪ። አልፊያ ክረምቱን ሙሉ አገር የምትጠብቅ መስሏት ነበር። ለካ የምትጠብቀው ያንድ ባላባት ጠርሙስ ማስቀመጫ ኖሯል።

መጋዘኑ ጣሊያን ትቶት የሄደ የድንጋይ ቤት ነው። ለግብዣ አዳራሽ ያላጣው ዩኒቨርሲቲ ለአንዲት ሚዳቋ ጥግ አጥቶ፣ ወፉንም እባቡንም ድኩላውንም እዚህ አምጥቶ ከመረው። ጣሪያው ያፈሳል። ጠባቂው ዶክተር ጉልላት ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ ይዞ ይሯሯጣል፣ አውሬዎቹን ከፍሳሽ ወደ ደረቅ ያሸሻል። ባልደረቦቹ ሹመት ሲያሳድዱ እሱ ብል ያሳድዳል።

አልፊያ ስትቀጠር አንዲት የደረቀች ወፍ በመዳፏ አስቀምጦላት ነበር።

«ይቺ የኖረችበት ደን ተመንጥሯል» አላት። «አሁን ያለችው እዚህ መሳቢያ ውስጥ ብቻ ነው። እኛ ከጣልናት ጨርሶ አልነበረችም ማለት ነው።»

ደንብም ነበረው። በእያንዳንዱ ቆዳ እግር ላይ ካርቶን ይንጠለጠላል፤ ከየት እንደመጣና ማን እንደጠገነው ይጻፍበታል። «ሥራ ባለቤት ይኑረው» ይላል። አልፊያ በጠገነቻቸው ሁሉ ላይ በገዛ እጁ «አልፊያ» ብሎ ጽፏል። ስሙ ሐሰት መሆኑን ሳያውቅ።

ጥቅሉን በተቀበለችበት ቀን ዶክተሩ ስለ ጣሪያው ሊለምን ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄዷል። አልፊያ በሩን ዘግታ ጅቡን አጋደመችው። የሆዱን ስፌት ተረተረች። ሰጋቱራው ተዘረገፈ። ጥቅሉን አነሣች።

እጇ ቆመ።

ጠፍታ ብትሄድ ሌላ ዋኔ ይልካል። ብታቃጥለው ነገ ሌላ ጥቅል ይመጣል። ጅብ ከሚበላህ ጅብ በልተህ ተቀደስ ይላል ያገሬው ሰው። ሰጋቱራውን መለሰችና ባዶውን ሆድ በአዲስ ክር ሰፋችው። ጥቅሉን ከሚዳቋዎቹ ጀርባ ሸሸገች።

ከቀትር በኋላ ጥቁር ፔጆ ግቢው ውስጥ ገባ። ዘበኛው ወዬሳ ነበር በሩን የከፈተው።

ዳኛቸው ነው። ጎብኚ ነኝ አለ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ይህኛው በሚያውቁትም አገር አንጥፉልኝ ባይ ነው። ጅቡ ሥር አጎነበሰ። አዲሱን ክር አየ።

ጣቱን ወደ ስፌቱ ሰደደ።

«ጎበዝ» አለና ጣቱን መለሰ። ዓይኑ ግድግዳው ላይ አርፎ ነበር፤ ትልቅ የነብር ቆዳ ተሰቅሏል። «ይቺ ለደጃዝማች ሳሎን ትሆናለች። ነገ የምሥራቹን ስነግራቸው አብሬ እሰጣቸዋለሁ። ጠቅልዪና መኪናው ላይ ጫኚልኝ።»

«የዩኒቨርሲቲው እኮ ነው።»

«ነገ የማንም አይደለም።»

አልፊያ በውስጧ ሳቀች። ሌባ ሁሉ በገዛ ሆዱ ነው የሚያዘው። ነብሩን ወደ ሚዳቋዎቹ ጥግ ወስዳ ጠቀለለችው። የተማሪዎቹን ወረቀት መሃሉ ላይ ከታ፣ በአቡጀዲ ሸፍና ዙሪያውን ሰፋችውና ከፔጆው የኋላ መጫኛ ጨመረችው። ሻለቃው ያን ጊዜ ሁሉ የካፖርቱን አቧራ ሲያራግፍ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መጡ። ፖሊሶች፣ አዛዣቸው የመቶ አለቃ ቀጄላ፣ ለምስክርነት የተጠራው የዩኒቨርሲቲው ዲን፣ ፊት ፊት ደግሞ በጥቁር ፔጆው ዳኛቸው። ዶክተር ጉልላት ባልዲውን እንደያዘ ደጁ ላይ ቀረ።

መሳቢያዎቹ ተገለበጡ። ወፎቹ መሬት ላይ ተበተኑ። ዶክተሩ አንድ በአንድ እየለቀመ ጋቢው ላይ አስቀመጣቸው። ምንም አልተገኘም።

«ጅቡን!» አለ ዳኛቸው።

አንዱ ፖሊስ አማተበ። ሌላው «አዑዙ ቢላሂ» ብሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ጅብ ለመቅደድ አንድም እጅ አልተነሣም።

«ፈሪ ሁላ! ሆዱ ውስጥ ነው እኮ ያለው!»

የመቶ አለቃው ዞር አለ። «ሻለቃ፣ እንዴት አወቁ?»

ዳኛቸው ከአንዱ ፖሊስ ሳንጃ ነጥቆ ራሱ ቀደደው። ሰጋቱራ ጫማው ላይ ፈሰሰ። እጁን እስከ ክንዱ አስገባ። አሁንም ሰጋቱራ። ንስር የተባለው ሰው ጅብ ሆድ ውስጥ ሲርመጠመጥ ዲኑ አንገቱን አቀረቀረ።

ያኔ ዶክተሩ ጮኸ። «ነብሩ! ነብሩ የለም!»

«ነብሩማ ትናንት ወጥቷል ጌታዬ» አለ ወዬሳ ከበሩ። «በዚያ በጥቁሩ መኪና። እኔው ነኝ በር የከፈትኩላቸው።»

ቀጄላ የስለላውን መሥሪያ ቤት ሰዎች ከድሮም ይንቃቸዋል። እንዲህ ያለ ጠዋት ከሰማይ ይወርድልኛል ብሎ ግን አላለመም። የፔጆውን ቁልፍ ከዳኛቸው ተቀበለ። ከመጫኛው ጥቅሉን አውጥቶ አቡጀዲውን ቀደደ። ነብሩ ተዘረጋ።

ወረቀቶቹ ተበተኑ።

ዳኛቸው ጣቱን ወደ አልፊያ ቀሰረ። «እሷ ናት! የኔ ሰላይ ናት! ዋኔ ናት!»

አልፊያ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች። «ጌታዬ፣ እኔ ቆዳ ሰፊ ነኝ።»

«ነብሩንም እርሷ ናት የጫነችው!»

«ጫኚ አሉኝ፣ ጫንኩ።»

ፖሊሶቹ ሳቁ። ዲኑም ሳቀ። ያልሳቀው ዶክተሩ ብቻ ነው። እሱ ተንበርክኮ ከጅቡ ሆድ የተንጠለጠለውን ክር በጣቱ ያገላብጥ ነበር።

ዳኛቸውን ወሰዱት። የታሰረ እንዳይመስላችሁ። ወሩ ሳያልቅ የሆነ አውራጃ ሹመው ላኩት፤ ደጃዝማቹም «የማን ዳኛቸው?» ብለው ሌላ የውስኪ ቤት አገኙ። አገሩ ለእንዲህ ያሉ ሰዎች ቦታ ነፍጎ አያውቅም። መጋዘኑ ግን ለአውሬዎቹ ቀረ።

በዚያው ቀን ግቢው ጭር ሲል ዶክተሩ ክሩን አሳያት።

«ይህ ቋጠሮ ያንቺ ነው። ትናንት ጠዋት አልነበረም።»

«አዎን።»

«እውነቱን ነው የተናገረው?»

ልትዋሽ ትችል ነበር። ሥራዋ ነው። «አዎን፣ ዶክተር። ግን...»

«ግኑን ተረድቻለሁ። ቤቱን አትርፈሽዋል፣ ከእስርም አድነሽኛል» አለ። ድምፁ ምስጋና አልነበረበትም። «ክረምቱን ሙሉ ግን ምሳዬን ያካፈልኩት ለሰላይ ነው።»

ቢሰድባት በተሻላት። እሷ በዳኛቸው ላይ የነበራትን ንቀት አሁን በዶክተሩ ዓይን ውስጥ አየችው። ወደ እሷ ነበር የሚያየው።

መርፌውን ሰጣት። «ሰፍተሽው ሂጂ።»

ተቀምጣ ሰፋች። ስትጨርስ ዶክተሩ ከጅቡ እግር የቀድሞውን ካርቶን ፈትቶ አዲስ አወጣ፣ ብዕሩንም ከፈተ።

«እውነተኛ ስምሽ ማነው?»

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ክረምቱን ሙሉ አንድ ሰው እንዲጠይቃት የፈለገችው ይህንን ነበር። ነገር ግን ዳኛቸው በሕይወት አለ፤ መሥሪያ ቤቱም ነገ ይፈልጋታል።

«አይጻፉት» አለች።

ዶክተሩ «የጠገነው፦ አይታወቅም» ብሎ ጻፈና ካርቶኑን ጅቡ እግር ላይ አሰረው።

አልፊያ ፌርማታው ጋ ስትደርስ አውቶቡሱ ሊነሣ ነበር። ተሳፈረች። ከአጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ስሟን ስትጠይቃት ሌላ ስም ነገረቻት።