ሻጭ ቀድሞ ይጋልብ

ጥፊው ይታይሽን ያገኛት እጇን ከመኪናው መስታወት ላይ ሳታነሣ ነው። ጆሮዋ ጭው አለ። ዞራ ስታይ ሻጩ አቶ ሀብቱ መዳፉን ገና አላወረደም።

«ቦሎ ትጠይቂኛለሽ? አንቺ የትናንት ጨቅላ!»

ቦሎ ማለት መኪናው ተመርምሮ ደህና ነው ሲባል ከፊት መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ነው። የሀብቱ የጭነት መኪና መስታወት ላይ ግን የደረቀ ሙጫ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። ይታይሽ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ኮሶበር ስድስተኛ ክፍል ትማራለች። «ቦሎው የታለ?» ነው ያለችው። በቃ፣ ሌላ ምንም አልወጣትም።

ታላቅ ወንድሟ ስማቸው ጥፊውን እንዳየ በቴስታ ገብቶ የሀብቱን አፍንጫ አለው። ደሙ ሸሚዙ ላይ ተንዠቀዠቀ። ተያይዘው ወደቁ፤ በቁልቁለቱ አናት፣ በጠጠሩ መንገድ ላይ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች እየሆኑ ተደባደቡ። መሀል ገብቶ የገላገላቸው አባቷ ገበየሁ ነው። ገላግሎ ሲያበቃ አለንጋውን ያሳረፈው ግን በማን ላይ መሰላችሁ? በገዛ ልጁ ትከሻ ላይ!

«በትልቅ ሰው ገበያ ምን ጥልቅ አደረገሽ? አዋረድሽኝ እኮ!»

ይታይሽ አላለቀሰችም። እሳት ጎረሰች እንጂ።

ገበየሁ ክፉ አባት አይደለም። በዘንገና ዙሪያ ፈረስ ዐዋቂ ማነው ቢባል የሚጠራው እሱ ነው። ፈረስ ሲገዛ ጥርሱን ያያል፣ ኮቴውን ያነሣል፣ «ከማን ቤት መጣ? ለምን ሸጡት? አመሉስ?» እያለ ጎጥ ለጎጥ ይዞራል። ዋስ ሳይጠራ ገመድ አይቀበልም። መኪና ልግዛ ሲል ግን ያ ሁሉ ጥበብ ጥሎት ጠፋ። ባላገር እንዳይሉት ፈራ፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ጎማውን መታ መታ አደረገ፤ እንደ ፈረስ ዳገት አስወጣውና «ጉልበታም ነው!» አለ። አመል የሚታየው ቁልቁለት ላይ መሆኑን ረሳው። ሁለት ፈረሶቹን ሸጦ ቀብድ ከፈለ። የቀረው ዳማ ፈረሱ ብቻ ነው፤ እሱም አሁን ከመኪናው ኋላ ካለው ብረት ላይ ታስሮ ጆሮውን ያወዛውዛል።

ይታይሽ ግን የምታውቀው ጉድ ነበር። ትናንት የክፍል ጓደኛዋ ከዲጃ ቤቷ ወስዳ ወንድሟን ሸዕባንን አሳይታታለች። ሸዕባን የዚሁ መኪና ረዳት ነበር። ባለፈው ኅዳር በዚሁ ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬኑ እምቢ አለ። ሀብቱ «ታኮ! ታኮ!» እያለ ጮኸበት። ሸዕባን ድንጋይ ይዞ ዘለለ፤ ጎማው ሥር ሲወሽቀው ጎማው እግሩን ጨፈለቀው። ዛሬ ከጉልበቱ በታች ባዶ ሱሪ ነው። ደብረ ማርቆስ ያሉት የመኪና መርማሪዎች በዚሁ ፍሬን የተነሣ ሁለቴ ቦሎ ከልክለውት እንደነበር ሸዕባን ያውቃል። ሀብቱም ማወቁን ስለሚያውቅ የጎማ መፍቻ ብረቱን በደህነኛው እግሩ ላይ አስደግፎ «ትንፍሽ ብትል ይችንም እደግምልሃለሁ» ብሎታል።

«ማርያምን በይ» አለቻት ከዲጃ። «ለማንም አልናገርም በይ።»

«ማርያምን!»

ለዚህ ነው ይታይሽ ስለ ቦሎው ብቻ የጠየቀችው። አባቷ ራሱ እንዲጠይቅ ብላ ነበር። ያተረፈችው ጥፊና አለንጋ ሆነ።

ሀብቱ አፍንጫውን ጠራርጎ ሳቅ አለ። «የልጅ ነገር ነው፣ ትቼዋለሁ። ይልቅ ስማቸው እስከ ቁልቁለቱ መጨረሻ ይንዳና ይየው። ከዚያ ውሉን እንጨርሳለን። እኔ ዳማውን ፈትቼ ጋልቤ እከተላችኋለሁ።»

ስማቸው መንዳት የተማረው ከመንገድ ሠሪዎች ጋር ሲሠራ ነው። ቂሙን ወዲያው ረስቶ ጋቢና ውስጥ ዘሎ ገባ፤ የእጅ ፍሬኑን እስከ ጥግ ስቦ ቁልፉን ጠበቀ። ይታይሽ ጎንበስ ብላ አየች። ከእያንዳንዱ ጎማ ፊት ድንጋይ አለ። አራት ድንጋይ! ፍሬኑ የሚይዝ መኪና አራት ድንጋይ ምን ያደርግለታል? ዝም ብትል ወንድሟ መሞቱ ነው፤ ብትናገር ሸዕባን የቀረ እግሩን ያጣል።

«አባዬ» አለች። «ፈረስ ስትገበያዩ ቀድሞ የሚጋልበው ማነው?»

«ዝም በይ አላልኩሽም? ሻጩ ነዋ!»

«ታዲያ አቶ ሀብቱ የራሳቸውን መኪና ትተው በእርስዎ ፈረስ መውረድ ለምን አማራቸው?»

ገበየሁ ቀስ ብሎ መኪናውን ዞረ፤ የፈረስ እግር እንደሚመረምር ሰው ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አየ።

«ስማቸው፣ ውረድ። ሀብቱ፣ አንተ ንዳው። በእኛ አገር ሻጭ ነው ቀድሞ የሚጋልበው።»

«እጄን አሞኛል።»

«የተመታኸው አፍንጫህን ነው።»

የሀብቱ ፊት ተለዋወጠ። «ሸዕባን ነው የነገረሽ! ያ ቆራጣ!» ብሎ ከወንበሩ ሥር ብረቱን መዞ ወደ ይታይሽ ተወረወረ። ስማቸው ከጋቢናው ዘሎ መሀል ገባ። ብረቱ ክንዱ ላይ ሲያርፍ አጥንቱ ቀጭ ሲል ተሰማ፤ እየጮኸ ወደቀ። የገበየሁ አለንጋ በሀብቱ አንገት ላይ ተጠመጠመ። ሲጓተቱ፣ ሲራገጡ የሀብቱ ተረከዝ አንዱን ድንጋይ ፈነቀለው። መኪናው ተንገጫገጨና ሌሎቹን እየረገጠ ቁልቁል መውረድ ጀመረ። የእጅ ፍሬኑ እንደተሳበ ነበር።

«ዳማው! አባዬ፣ ዳማው!»

ፈረሱ መጀመሪያ ዱብ ዱብ እያለ ተከተለ፣ ቀጥሎ ጋለበ፣ ቀጥሎ ወደቀ። ገመዱ አልበጠስ ብሎ በጠጠሩ ላይ ጎተተው። መኪናው ከሥር ካለው ቋጥኝ ጋር ሲጋጭ ተራራው አስተጋባ።

ገበየሁ ሮጦ ሲደርስ ዳማው አልሞተም፤ የፊት እግሮቹ ተሰባብረዋል። ገበየሁ ተንበርክኮ ጭንቅላቱን አቀፈው፤ በአገውኛ እያባበለው፣ እያለቀሰ፣ ጩቤውን አወጣ። ይታይሽ ፊቷን አዞረች።

መንገደኞች ሀብቱን በገዛ ቀበቶው አስረው ያዙት። ፖሊስ መጣ። ሀብቱ ግን አፉ አልታሰረም። «መኪናዬ አመል የለበትም! ልጁ ነካክቶ ነው ያበላሸው! አለበት የሚል ምስክር ያምጣ!»

ፖሊሱ ወደ ይታይሽ ዞረ። «አንቺ ማን ነገረሽ?»

ሀብቱ አፈጠጠባት። ለከዲጃ ማርያምን ብላ ምላለች።

«ድንጋዮቹን ቆጠርኩ» አለች።

«ድንጋይ አይመሰክርም፣ ልጄ።»

ገበየሁ እጁ ደም እንደሆነ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። የልጓሙ ብረት ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። «ትከሻሽን የመታሁበት እጄ ይሰበር» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሀብቱ ሸዕባን ያለው ማንን ነው? ቤቱን አሳይኝ፣ ጎትቼ አመጣዋለሁ።»

«አይሆንም፣ አባዬ። እኔ ልሂድና ልጠይቀው።»

«እምቢ ቢልስ? ሁለቱ ፈረሶቼም፣ ዳማውም፣ የወንድምሽ ክንድም ከንቱ ሊቀር ነው?»

«እምቢ ካለ እምቢ አለ ነው።»

«ሂጂ እንግዲያ» አለ ገበየሁ። ከዚያ ክንዱ የተሰበረው ልጁ ዘንድ ሄደ።

ይታይሽ ዳገቱን ብቻዋን ወጣች። በሩን የከፈተችው ከዲጃ ናት፤ ከአባቷ እጅ ቀሚሷ ላይ የተነካካውን ደም አይታ ክው አለች።

«ተናገርሽ?»

«አልተናገርኩም።»

ገብታ ከሸዕባን ፊት በርጩማ ላይ ተቀመጠችና የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ሀብቱ ስሙን እንደጠራም አልደበቀችውም። «አሁን ታስሯል። ስለ ፍሬኑ ምስክር ከሌለ ግን ቶሎ ይለቁታል» አለችው። «ብትቀርም አልቀየምህም።»

ሸዕባን ደህነኛውን ጉልበቱን በእጁ ያዘው። ምርኩዙ ማዶ ከግድግዳው ጥግ ቆሟል። ይታይሽ ልታቀብለው እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ምርኩዙን ራሱ እስኪጠይቃት ድረስ እዚያው ትቀመጣለች።