አሸዋ ላይ የቆመ ድንጋይ

«ቦርሳሽን ጣይና ባልዲውን አቅርቢልኝ፣ ችኩሌ» አላት አባቷ ፊቱን ሳያዞር።

ቀኝ እጁን እስከ ትከሻው ድረስ የመስታወቱ የዓሣ ቤት፣ አኳሪየሙ ውስጥ ነክሯል። ሸሚዙ በስብሶ ደረቱ ላይ ተለጥፏል፤ ወለሉ ላይ የተነጠፈው ፎጣም ውኃ ጠጥቶ ጠግቧል። ችኩሌ ያላት እሱ ነው፤ ገና መዳህ ሳትጨርስ ልሩጥ ብላ ግንባሯን ካሳበጠችበት ቀን ጀምሮ ሌላ ስም ያላት አይመስልም። እናቷም «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን ተረት ለእሷ ሲባል የተተረተ ታስመስለዋለች።

ባልዲውን አቀረበች። አባቷ ስፖንጅ የመሰለ፣ ቀዳዳው የበዛ የባሕር ድንጋይ አውጥቶ ውስጡ አኖረ። እጁን መልሶ ከተተና አሸዋውን ሲዳብስ ቆየ። መዳፉን ሲዘረጋላት ጣት የሚያህል ዓሣ ተጣጥፎ ተኝቶበታል።

«ማዘጋጃ ቤትን ድንጋይ ተጫነው» አለ ዝግ ባለ ድምፅ።

ዓሣውን ማዘጋጃ ቤት ያሉት አሸዋ ሲቆፍር ስለሚውል ነበር። አንዱን ጉድጓድ ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል፤ የቆፈረውን ግን አይደፍንም። ለዓሣ ብዙም ግድ የሌላት እናቷ እንኳ በአጠገቡ ስታልፍ «ዛሬስ የማን ሰፈር መንገድ ተቆረጠ?» ትለው ነበር።

የድንጋዩ ክምር ግማሹ ተንዷል። ከላይ የነበረው ብርቱካናማ ኮራል፣ ሲያዩት አበባ የሚመስለው ግን ነፍስ ያለው እንስሳ፣ ተሰባብሮ አሸዋው ላይ ተበትኗል። ችኩሌ ክምሩ በየት በኩል እንደተናደ ለማየት ጎንበስ ማለት አላስፈለጋትም። በቀኝ በኩል፣ ከኋላ ነው።

አባቷ ድሮ ጠላቂ ነበር። ባሕር ውስጥ ገብቶ የመርከብና የወደብ ብረት ይበይድ ነበር። ጆሮው ውስጥ የሆነ ነገር ተበላሸና ሐኪሞቹ ዳግመኛ እንዳይጠልቅ ከለከሉት። ከዚያ ወዲህ አንዳንዴ ድንገት ያዞረዋል፤ ግድግዳ ይዞ ይቆማል። ቤት መዋሉ ሲሰለቸው «እኔ ወደ ባሕር ካልሄድኩ ባሕሩ ይምጣ» አለና አኳሪየሙን ሳሎን አስገባ።

አባትና ልጅ ሲሠሩት ደስ ይል ነበር። መጀመሪያ መብራቱን በቀጭን ሽቦ ከጣሪያው ላይ ሰቀሉ። አባቷ ከፍታውን እየደጋገመ ሲያስተካክል፣ ኮራል ድንገት ብርሃን ከበዛበት ተቃጥሎ እንደሚነጣ፣ ስለዚህ መብራቱ በደብዛዛው ተጀምሮ ቀስ በቀስ እንደሚደምቅ ነገራት። ከዚያ ድንጋዮቹን ጋዜጣ ላይ ዘርግተው፣ ያሰቡትን ዋሻና ድልድይ መጀመሪያ ወለሉ ላይ ሠርተው አዩት። ሕጉ አንድ ነበር። የታችኞቹ ድንጋዮች እንደ ጉልቻ ሦስት ቦታ ረግጠው የአኳሪየሙ ወለል በሆነው ባዶ መስታወት ላይ ይጣበቃሉ፤ አሸዋው የሚፈሰው ከዚያ በኋላ ነው። አሸዋ ላይ የቆመ ድንጋይ፣ ሥሩን የሚቆፍር ዓሣ የመጣ ቀን ይወድቃል።

አንድ የታችኛ ድንጋይ ብቻ ሲቀር አባቷን አዞረው። ያቺን አጣብቀሽ አሸዋውን አፍስሺ ብሏት ጋደም ሊል ሄደ። እሱ ከመግባቱ ስልኳ ጮኸ፤ ሬዲዮ ናት። ሬዲዮ የክፍል ጓደኛዋ ስትሆን፣ አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት ስለሌለ ነው እንዲህ የተባለችው። ለወላጆች ቀን የሚያቀርቡትን ዳንስ ለመለማመድ ሁሉም መጥተው እሷን ብቻ እየጠበቁ እንደሆነ እየነገረች ጆሮዋን በላችው። ችኩሌ ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ እያወራች አሸዋውን ገለበጠችው። ጨርሳ ዘወር ስትል ድንጋዩ ጋዜጣው ላይ ቁጭ ብሏል።

አሸዋውን መልሶ መዛቅ፣ መስታወቱን መወልወል፣ ማጣበቂያውን እንደ ሊጥ ማሸት፣ እስኪደርቅ መጠበቅ። ማን ይችላል? ድንጋዩን አሸዋው ውስጥ ወሸቀችው። ነቅነቅ አደረገችው፤ ቆመ። አባቷ ተነሥቶ «መስታወቱ ላይ ነው አይደል?» ሲላት ጫማዋን እያሰረች «አዎ አባዬ» አለችው። እሱም አምኗት የቀሩትን ድንጋዮች በላዩ ገነባ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ አባቷ አሁን፣ ዓሣውን በወረቀት እየጠቀለለ። «የላይኞቹን ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። አዙሮኝ ስለነበር ቀና ነው ያልኩት ጠማማ ነበር ማለት ነው።»

አፏን ከፈተች። «ወለሉን ላድርቀው» ብቻ አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ሌላ ሆነ። አባቷ መብራቱን አጠፋው። የተረፉት ኮራሎች ብርሃን እንደሚያስፈልጋቸው ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው፣ ሳሎን ሲገባ ዓይኑን ከአኳሪየሙ ያሸሽ ጀመር። እናቷ ደግሞ እንደ ሕፃን ትጠብቀዋለች። አምፖል ሊቀይር ወንበር ላይ ሲወጣ ታስወርደዋለች፤ የፈላ ውኃ ከእጁ ትቀበለዋለች። ድሮ ቢሆን «ምነው፣ ባል ሳይሆን ብርጭቆ ነው እንዴ ያገባሽው?» ብሎ ይቀልድባት ነበር። አሁን ዝም ብሎ ይሰጣታል። ችኩሌን ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ይህ ዝምታው ነው።

በእረፍት ሰዓት፣ ከክፍሉ ጀርባ ደረጃው ላይ ተቀምጠው፣ ለሬዲዮ ነገረቻት።

«አታካብጂ» አለች ሬዲዮ። «ዓሣ ነው እኮ። ደግሞ ማን ያውቃል? ድንጋይ አይናገር።»

«አባቴ በራሱ ላይ ፈርዷል።»

«ትንሽ ቀን ዝም በይ፣ ይረሳዋል። አሁን ብትናገሪ ለድንጋዩም ለውሸቱም ነው የምትቀጪው።»

ምክሩ ለጊዜው ቀለል አደረጋት። እራት ላይ ግን አባቷ ከእሷ አጠገብ ተቀምጦ ሲያጎርሳት እንኳ ዓይኑ ባዶ ሆኖ ስታይ፣ የበላችው ሁሉ አሸዋ አሸዋ አላት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቷ ገበያ ሄዳ፣ ችኩሌ ሳሎን የቤት ሥራዋን ትሠራለች። አባቷ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ያየዋል። አንድ የሙያ ትምህርት ቤት ብየዳ እንዲያስተምር ጠይቆት ነበር። ጥያቄው የመጣ ሰሞን አሮጌውን የብየዳ ጭንብል ከሳጥን አውጥቶ ሲወለውል፣ ሲያፏጭም ሲስቅም አይታዋለች።

«ልትጀምር ነው እንዴ?» አለችው።

«አልችልም ልላቸው ነው» አለ። «ድንጋይ ድንጋይ ላይ ማቆም ያቃተው ሰው፣ የሰውን ልጅ እሳት አስይዞ አጠገቡ ሊቆም አይገባም። ሰው አቅሙን ማወቅ አለበት፣ ልጄ።»

ስልኩን አንሥቶ ቁጥሩን መፈለግ ጀመረ።

«አባዬ፣ ቆይ፣ አትደውል።»

ተነሥታ የመብራቱን ማብሪያ ተጫነችው። ደብዛዛ ሰማያዊ ብርሃን ውኃው ላይ ሲወርድ የተናደው ክምር እንዳለ ታየ። እጅጌዋን ሰብስባ እጇን ወደ ቀኙ ጥግ ሰደደችና አሸዋውን ወዲያና ወዲህ ገፋችው። መስታወቱ ተገለጠ፤ ንጹሕ ነው፣ አንዲት የማጣበቂያ ጠብታ አልነካችውም። ቀጥላ በግራ በኩል ገፋችው። እዚያ የቆመውን ድንጋይ ግራጫው ማጣበቂያ እንደ ብየዳ ስፌት ዙሪያውን ይዞታል።

አባቷ ስልኩን እንደያዘ መጥቶ ጎንበስ አለ። ዕድሜውን ሙሉ መገጣጠሚያ ሲመረምር የኖረ ሰው ነው፤ ማብራሪያ አላስፈለገውም። ቢሆንም ነገረችው። አሸዋውን ቀድማ እንዳፈሰሰችው፣ ድንጋዩን ኋላ እንደወሸቀችው ነገረችው። ሬዲዮ ደውላ ነበር ልትል ጀምራ ተወችው።

«ቸኩዬ ነው» አለች። «የላይኞቹን አንተ ቀጥ አድርገህ ነው ያስቀመጥካቸው። ከሥር ያለውን የዋሸሁህ እኔ ነኝ።»

አባቷ ከጎነበሰበት አልተነሣም።

«ድንጋዩንስ ተዪው» አለ በመጨረሻ። «ልጅ ይቸኩላል፤ እኔም ቸኩዬ አውቃለሁ። ግን ስጠይቅሽ አዎ አልሽኝ። ከዚያ ራሴን ስረግም ቁጭ ብለሽ አየሽኝ።»

ቢጮህባት ይቀላት ነበር።

«እሺ ልትላቸው ትደውላለህ?» አለችው።

«አዎ፣ ግን ዛሬ አይደለም። ዛሬ ድምፄ ደስ አይልም።»

ስልኩን ኪሱ ከተተና፣ ከአኳሪየሙ የጎደለውን ሊሞላ ውኃ ያለበትን ባልዲ ከጓዳ ይዞ መጣ። በዚህ መሃል በሩ ተከፍቶ እናቷ ገባች። ባልዲውን እጁ ላይ ስታይ የገበያ ዘንቢሏን እዚያው ጥላ እየተጣደፈች ተቀበለችው፤ ይዘኸው ብትወድቅስ፣ ምን አለበት ብትጠራኝ እያለች። አባቷም እንደ ሰሞኑ ሰጣት። ለእናቷ ምንም አላለም። ወደ ችኩሌም አላየም። ሊናገርላትም፣ ሊናገርባትም እንዳልፈለገ ገባት።

ችኩሌ እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«እማዬ፣ ባልዲውን መልሺለት» አለች። «ከዚያ ነይ ቁጭ በይ፤ የምነግርሽ ነገር አለ።»